ከኋላው ኮርቻ

ሐኪሙ ይሉታል እንጂ በዕድሜው አንድ በሽተኛ አክሞ አያውቅም። የሚያክመው የውሃ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እሱንም ቢሆን በሽታውን ይናገራል እንጂ ፈተው የሚጠግኑት ሌሎች ናቸው። ረጅም ካቻቢቴ አለው። ጫፉን በሚዞረው ሞተር ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ሥር ደግኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያዳምጣል። «የፊተኛው ኩሽኔታ ደርቋል» ይላል፤ ወይም «ኩሽኔታው ደህና ነው፣ ዘንጉ ተጣሟል»። ሲፈታ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የተሳሳተው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም ባልደረቦቹ በቀን በቀናቸው ያስታውሱለታል፣ ሰው መቼም የሌላውን ስህተት ለማስታወስ ጎበዝ ነው።

ዓይኑን ያጣው በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ታሞ ሁለት ወር ተኛና ሲነሳ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ሆኖ ጠበቀው። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩን በሳይክል የሚያተራምስ፣ እጁን ለቆ ቁልቁል የሚወርድ፣ ፍሬን የተሠራው ለፈሪ ነው የሚል ጎረምሳ ነበር። እናቱ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ቤት ብቻውን ብትተወው አንድ ነገር ያደርጋል ብላ ስለፈራች በየቀኑ እየጎተተች ትወስደውና ምድር ቤት፣ የውሃው ፓምፕ ካለበት ክፍል ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ታስቀምጠው ነበር። ሌላ የሚሰማው ነገር ስላልነበረው ፓምፑን ሲሰማ ይውላል። አንድ ቀን «እማዬ፣ ይሄ ነገር ታሟል» አላት። ማን ይስማው። በሦስተኛው ቀን ፓምፑ ጨሶ ቆመ፣ ሕንፃው በሙሉ ውሃ አጣ፤ ሊጠግን የመጣው ባለሙያ ነገሩን ሲሰማ ጎረምሳውን ይዞት ወደ ወርክሾፑ ሄደ። የሐኪምነቱ ነገር የተጀመረው እንዲህ ነው።

ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ነው። የምትሠራበት የደንብ ልብስ ስፌት ቤት የማሽን ሞተር ተበላሽቶ ይዛ መጣች። ካቻቢቴውን ደግኖ ሲያዳምጥ ቆማ አየችውና «እና ምን አለህ?» ብላ ጠየቀችው። ሰው ሁሉ «ምን ሰማህ?» ነበር የሚለው። «ዘይት ጠማኝ አለኝ» አላት። ከዚያ በኋላ የዚያ ስፌት ቤት ሞተር በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተበላሸ። የወርክሾፑ በያጅ እስከ ዛሬ ድረስ ሆን ብላ ነው ያበላሸችው እያለ ያወራል፤ እሷም ክዳ አታውቅም።

ሳይክሉን የሠራላቸው ይኸው በያጅ ነው። ለሠርጋችሁ ብሎ ሁለት አሮጌ ሳይክሎች ቆረጠና በይዶ አንድ ረጅም ነገር አወጣቸው፤ ሁለት ኮርቻ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል፣ አንድ ካቴና ከፊት አንድ ከኋላ። ከፊት እሷ ትቀመጣለች፣ ከኋላ እሱ። ሲያስረክባቸው ቀልዱን ትቶ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት። የቀኝ እጅሽ ፍሬን የፊቱን ጎማ ነው የሚይዘው፤ የሁለት ሰው ክብደት ይዘሽ ቁልቁለት ላይ እሱን ብቻ ብትይዢ ሁለታችሁንም አሽቀንጥሮ ይጥላችኋል። ቁልቁለት የግራ እጅ ሥራ ነው፤ የኋላውን ጎማ ቀስ ብለሽ ይዘሽ ውረጂ።

ደንብም አወጡ። እሷ «ጉድጓድ» ስትል ከኮርቻው ብድግ ይላል፤ «ልቀቅ» ስትል እግሩን ያቆማል፤ «ውረድ» ሳትለው ግን ሰማይ ቢደፋ እግሩ መሬት አይነካም። ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። እጁን ለቆ ይነዳ ለነበረ ሰው ይሄ ቀላል አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ወር ጥርሱን ነክሶ ነው የተቀመጠው። ከዚያ ለመደው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ በእንጨት መሰንጠቂያው በኩል፣ በረጅሙ ቁልቁለት ወርደው፣ አውቶቡስ የሚበርርበትን ትልቁን መንገድ ተሻግረው ወርክሾፑ በር ላይ ታወርደውና ወደ ስፌት ቤቷ ትቀጥላለች። የሰፈሩ ሰው ሲያልፉ ሰዓቱን ያስተካክልባቸው ነበር።

ደንቡን ያፈረሰው እሱ ነው። ከአምስት ወር በፊት ትልቁ መንገድ ዳር ቆመው መሻገሪያ ሲጠብቁ፣ እሷ አንድ እግሯን አስደግፋ ሳይክሉን እንደያዘች፣ አንድ ከባድ መኪና ልክ ከኋላው መጥቶ አየር ፍሬኑን ተነፈሰ። ሐኪሙ ያቺን ድምፅ ሺህ ጊዜ ሰምቷታል። የዚያን ቀን ግን ምን ቆርጦት እንደሆነ አያውቅም፣ ደንግጦ ወደ ተሳሳተው ጎን ዘሎ ወረደ። ረጅሙ ሳይክል ተንጋደደ። እሷ መሪውን ላለመልቀቅ ስትታገል ወደ ግራ ወደቀች፤ ግራ እጇን ዘርግታ ነው የወደቀችው። የአጥንቷን ድምፅ ሰማው። ስንት ኩሽኔታ ሲሰበር የሰማ ጆሮ ያንን ግን እስከ ዛሬ ማታ ማታ ይሰማዋል።

አንጓዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል ተባለ። ቀደው ብረት አስገቡላት፣ ከዚያ ጄሶ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ። አንድም ቀን አንተ ነህ አላለችውም። እንዲያውም ሰው ሲጠይቃት «ተንሸራትቼ ነው» ትላለች፣ እሱ ጎኗ ተቀምጦ። ያን ጊዜ የሚሰማውን ነገር ለማንም አልተናገረውም፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

በእነዚያ አምስት ወራት መንገድ የሚዳስስበትን ዘንግ ይዞ በአውቶቡስ ይሄድ ነበር። ሁለቴ መሳፈር አለበት፣ ይገፈተራል፣ አንዳንዴ ያልሆነ ፌርማታ ላይ ይወርዳል፤ ቢሆንም ሰው ነው፣ ይለምደዋል። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር፤ አውቶቡስ ቢጋጭ እንኳ ያጋጨው እሱ አይሆንማ። ሳይክሉን እንመልስ ያለችው እሷ ናት። ትንሽ ቆይ አላት። እምቢ አለች። እጄ ድኗል፣ ሐኪም አይቶኛል፣ አንተ ደግሞ ያን ሳይክል ጥግ ቆሞ በነካኸው ቁጥር ፊትህ ምን እንደሚመስል አታየውም፣ እኔ ነኝ የማየው አለችው። እጇን የሰበረው ሰው፣ እጅሽን አላምነውም ብሎ በየትኛው አፉ ይናገራል?

እንግዲህ ፈርቶ ከኋላዋ ኮርቻ ላይ ተቀመጠ። ይሄ ለአነጋገር ያህል የሚባል ፍርሃት አይደለም። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ይጀምረዋል፣ ጫማውን ሲያስር ጣቶቹ አይታዘዙትም፣ እንጨት መሰንጠቂያው ጋ ደርሰው የመጋዙ ጩኸት ሲሰማ አፉ ይደርቃል። ከመጋዙ ቀጥሎ ቁልቁለቱ ነው። ቁልቁለቱ ሥር አውቶቡሶቹ ናቸው።

መጀመሪያ ፍርሃቱን የራሱ ድክመት አድርጎ ቆጠረው። በሁለተኛው ቀን ግን ጆሮው አንድ ነገር ያዘ። ሰው ፊት ለፊት እያየ ሲናገር ድምፁ ከነፋሱ ጋር ወደ ኋላ ይመጣል፤ አንገቱን ደፍቶ ሲናገር ግን ደረቱ ውስጥ ይቀራል። ሚስቱ ሜዳው ላይ «ጉድጓድ» ስትል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይመጣለታል። ቁልቁለቱ ላይ ግን «ልቀቅ» ያለችው ከሆዷ ነበር። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። በአራተኛው ቀን ሆን ብሎ አወራት፤ ቁልቁለቱን በሙሉ አንገቷን ደፍታ ነው የመለሰችለት፣ ቀና የምትለው ለአፍታ ነው፣ ከዚያ ትመለሳለች። ቁልቁል የሚወርድ ሳይክል ላይ ተቀምጣ ወደ ታች ምን ታያለች?

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ልትወስደው ስትመጣ፣ እሷን በር ላይ ትቶ ሳይክሉን እየገፋ በያጁ ዘንድ ወሰደና ፍሬኑን እይልኝ አለው። በያጁ ሽቦውን ሳበ፣ ላስቲኩን ነካካ፣ ጎማውን አዙሮ ያዘው። ፍሬኑ ከእኔም ከአንተም የተሻለ ጤና አለው አለና ሳቀ። ሐኪሙ እንደ ዘበት አስመስሎ፣ የኋላው ፍሬን ወደ እኔ እጅ ይዛወር ቢባል ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀው። በያጁ ሳቁን አቆመ። ይቻላል፣ ግን አንዱ እያየ የሚነዳውን ሌላው ሳያይ ፍሬን የሚይዝበት ሳይክል እኔ በእጄ አልሠራም፤ ደግሞ እሷ ምን ትላለች አለው። እሷ ምን እንደምትል ሐኪሙም ያውቀዋል። ነገሩን በቀልድ አልፎ ወጣ፤ እቤት እስኪገባ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚመላለስበት። ፍሬኑ ደህና ከሆነ የታመመው ምንድን ነው?

መልሱ በማግስቱ ከሥራ መልስ መጣ፣ ያውም ከማንቆርቆሪያ። ሻይ አፍልታ፣ በቀኝ እጇ ብርጭቆዎቹን በግራዋ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከምድጃው እስከ ጠረጴዛው መጣችና ፊቱ አስቀመጠችለት። የሚቀዳው ሁልጊዜ እሱ ነው። እጁን ሲዘረጋ የብረት እጀታው ጣቶቹን ለበለባቸው፣ ጎትቶ አፉ ውስጥ ከተታቸው። ውሃ ይዛ እየሮጠች መጣች። እጁን ውሃ ውስጥ እንደነከረ፣ አንቺስ እንዴት አልተቃጠልሽም አላት። በጨርቅ ይዤ ነው አለችው።

ጨርቁ የሚሰቀለው ከወንበሩ በላይ ባለች ምስማር ላይ ነው። ሐኪሙ ሌላውን እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሰደደ። ጨርቁ እዚያው ተሰቅሏል፣ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ።

ያን የጋለ ብረት ስድስት እርምጃ ሙሉ ይዛው መጥታ አልተሰማትም። የማይሰማው እጅ መያዝ አለመያዙን በምን ያውቃል? በማየት። ለዚህ ነው አንገቷን የምትደፋው፤ ቁልቁለቱን በሙሉ የምታየው እጇን ነው፣ ፍሬኑን ይዛ እንደሆነ፣ ለቃ እንደሆነ። እና እሷ እጇን ስታይ መንገዱን ማን ነው የሚያየው? እዚያ ረጅም ሳይክል ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ፣ የሚያይ ዓይን ያለው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ፣ ያም ዓይን ሌላ ሥራ ላይ ነው።

መናገር ነበረበት። ነገሩን አፉ ጫፍ ላይ አድርሶ መለሰው። ነገ ጠዋት በር ላይ እነግራታለሁ አለ። ጠዋት በር ላይ ደግሞ ሜዳው ላይ እነግራታለሁ አለ። እጇን አንድ ጊዜ ልያዘው ብሎ ቢዘረጋ፣ ቀኟን ሰጠችው፤ አምስት ወር ሙሉ ግራዋን ሰጥታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለው። ትንሽ ሰው ነው መቼም፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሞተር ገመና ሲያወጣ ኖሮ የገዛ ሚስቱን እጅ መጠየቅ አቃተው። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አለፉ። የመጋዙ ጩኸት ተሰማ፣ ቀረበ። «ቁልቁለት፣ ልቀቅ» አለችው። እግሩን አቆመ።

ሳይክሉ አፍንጫውን ደፋ። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬው ላይ ሲፈተግ «ሽሽሽ» የሚል ደረቅ ድምፅ አለው፤ ሐኪሙ በዚያ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚወርደው። ድምፅዋ ደረቷ ውስጥ ነበር፣ እንደ ሰሞኑ። በዚህ መሃል ከፊታቸው የመኪና የኋላ ማርሽ «ጢጥ ጢጥ» ማለት ጀመረ። ከእንጨት መሰንጠቂያው የታችኛው በር ጭነት መኪና ወደ ኋላ እየወጣ ነው። ሚስቱ ቀና አለች። «መኪና፣ በቀኝ በኩል ነው የማልፈው» አለችው፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ። መንገዱን እያየች ነው ብሎ አንዲት ትንፋሽ ያህል ደስ አለው።

ከዚያ የፍሬኑ ድምፅ ጠፋ። «ሽሽሽ» የሚለው ሳሳ፣ ቀጠነ፣ ዝም አለ። በእሱ ቦታ የኋላው ጎማ ጥርሶች «ጠር ጠር ጠር» ማለት ጀመሩ፤ ከዚያ መቁጠር እስኪያቅት ድረስ ፈጠኑ። ነፋሱ ጆሮውን መታው።

«እጅሽ ለቋል» አላት።

«ይዤዋለሁ» አለች።

«ለቋል። እየሰማሁ ነው።»

ድምፅዋ ወደ ደረቷ ሲወርድ ሰማው፤ እጇን ልታይ አንገቷን ደፋች። «ጢጥ ጢጥ» የሚለው ደግሞ ከፊታቸው፣ ቅርብ ነው። አሁን በድንጋጤ ቀኙን ብትጨምቀው ሁለቱንም በአፍጢማቸው ይደፋቸዋል። ሐኪሙ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ኮርቻ ላይ ትእዛዝ ሰጠ።

«ወደ ታች አትይ። መንገዱን እይ። እጅሽን እኔ እነግርሻለሁ።»

ቀና አለች፤ ትንፋሽዋ ነፋሱ ላይ ሲወጣ አወቀ።

«ጨብጪ። አልያዘም። ጨምሪ። አልያዘም፣ ገና ነው።» ጆሮውን ወደ ኋላው ጎማ ደፋ። «ጨምሪ። ነካ። ይዟል። እንደዛው። እንደዛው ሁኚ። ላላ፣ ጨምሪ። ይዟል። ይዟል።»

«ሽሽሽ» ተመለሰ። ሳይክሉ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፤ የጭነት መኪናው ትኩስ ጭስ ግራ ጉንጩን ገረፈው፣ አንድ ሰው ከላይ ተሳደበ፣ የእንጨቱ ሽታ መጥቶ አለፈ። እሱ «ይዟል፣ ይዟል» ማለቱን አላቆመም። ሳይክሉ ከዘገመ፣ ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ፣ እሷም «ውረድ» ካለችው በኋላ እንኳ ሁለት ጊዜ ብሎታል።

ወረዱ። ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። እሷም ጎኑ ተቀመጠች። ከታች አውቶቡሶቹ ሲያልፉ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ድምፅዋን ከማክሰኞ ጀምሮ፣ እጇን ከትናንት ጀምሮ አላት። እና ዝም ብለህ ከኋላዬ ትወጣለህ አለችው። አንቺስ ዝም ብለሽ ታወጪኛለሽ አላት። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረችው። አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷ፣ መሃል ጣቷና ከሥራቸው ያለው መዳፏ ከተሰበረችበት ቀን ጀምሮ የእሷ አይደሉም። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ግን እንደ ሌላ ሰው ጣት ነው የምታያቸው። ስፌት ቤት መርፌ ሁለቴ ወግቷት ደሙን አይታ ነው ያወቀችው። ነርቭ ነው አሏት፤ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል።

«ልነግርህ ነበር» አለችው። «ከነገርኩህ ግን ዕድሜህን ሙሉ እኔ ነኝ ያጠፋኋት እያልክ ልትኖር ነው። ሳይክሉ ላይ ካየኸኝ ድና ነው ትላለህ ብዬ ነው።»

«አላይሽም እኮ» አላት። ሁለቱም ሳቁ፤ የሚያስቅ ነገር ኖሮ ሳይሆን ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ አንድ ነገር ማድረግ ስለነበረበት ነው።

ስጪኝ አላት። ግራ እጇን ሰጠችው። አንጓዋ ላይ የቀዶው ጠባሳ ጎርበጥ ብሎ ተጋድሟል። መዳፏ ላይ ትናንት ማታ የማንቆርቆሪያው እጀታ ያነሳው ውሃ የቋጠረ ነገር አለ፤ አውራ ጣቱ ሲነካው እሷ ፍንክች አላለችም። ፊትሽን አዙሪ፣ ስነካሽ ንገሪኝ አላት። ክርኗ ሥር፣ ስሜት ባላት ቦታ፣ በአንድ እጁ ይዟት አውራ ጣቷን ጫን አለው። ዝም። ሌባ ጣቷን። ዝም። ጣቱን ቀጥሎ ወደ መሃለኛዋ ሊወስድ ሲል ፈራና አየር ላይ አቆመው።

«አዎ» አለችው። «አሁን፣ መሃል ጣቴ ላይ። ተሰማኝ።»

ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ደስታ አምስት ወር ሰምቶት አያውቅም። የሐኪሙ ጣት አየር ላይ ነው። ዝም ቢል ምን ነበረበት? ማንን ይጎዳል፣ አንዲት ደስታ ናት፣ ያውም ሳትፈልግ የዋሸችው ራሷን ነው። ግን አምስት ቀን ዝም ብሎ አይቶታል፤ ዝምታው ጭነት መኪና ሥር ሊከታቸው አንድ ክንድ ነበር የቀረው።

«አልነካሁሽም» አላት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ማልቀሷን ያወቀው በክርኗ ነው፤ ድምፅ አላሰማችም። እሱም አታልቅሺ አላላትም፣ አይዞሽ ያልፋል አላላትም፤ ማለፉን አያውቅማ። እጇን ይዞ ቆየ፣ እንደያዛት አለማወቋን እያወቀ። ሲረፍድባቸው ተነሱ።

የቀረውን ቁልቁለት በእግር ወረዱ። እሷ በቀኝ እጇ ሳይክሉን እየገፋች፣ እሱ ክርኗን ይዞ፤ ረጅሙ ሳይክል እንደሚነዳ በሬ እየተንገታገተ ያስቸግራታል። ነገ በአውቶቡስ እንሂድ እንዳይላት ፈራ፤ በሳይክል እንሂድ እንዳትለው ደግሞ የባሰ ፈራ።

ትልቁ መንገድ ዳር ሲደርሱ ቆመች። ይቺው ቦታ ናት፣ ያ መኪና የተነፈሰባት። ሁልጊዜ በእግር ሲሻገሩ ክርኗን የሚይዘው እሱ ነው፤ ያ ደግሞ በጣም ያረጋጋዋል፣ መያዙን ያውቃልና። እሷ ግን ክርኗን ከእጁ አወጣች።

«ዛሬ እኔ ልያዝህ» አለችው።

የትኛው እጅ ነፃ እንደሆነ ያውቃል። ቀኙ ሳይክሉን ይዟል። አይሆንም ሊላት አፉን ከፈተ፤ አንድ አውቶቡስ ፊት ለፊቱ አለፈና ነፋሱ ሸሚዙን ደረቱ ላይ ለጠፈው። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቶ አያውቅም፣ ቁልቁለቱ ላይ እንኳ። ክንዱን ሰጣት። ጣቶቿ እጅጌው ላይ አረፉ።

ከግራ ያለው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቁ። «አሁን» አለችው፣ ቀና ብላ፣ መንገዱን እያየች። ከአስፋልቱ ጠርዝ ወረዱ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ እጅጌው ላይ የነበረው ክብደት ሳሳ፣ ጨርቁን ብቻ ነክቶ ቀረ። ሊናገር ሲል እሷ ቀደመችው።

«ይዤሃለሁ?»

«ለቀሽኛል» አላት።

ጣቶቿ ጠበቁ። አጥንቱ ድረስ ጠበቁ፣ ምን ያህል እንደሆነ አታውቅማ። «አሁንስ?»

ያማል። «አሁን ይዘሽኛል» አላት፤ ተሻገሩ።